የትንሿ ትራክተር መብራትና የአባቴ ዓይን

ይድረስ ለምሳሳልህ አባዬ፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትህን ስሜ ልጀምር። እንዴት ነህ? ወገብህስ እንዴት ሰነበተ? ጠዋት ጠዋት የሚነሳብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ሦስት አራት ጊዜ ሳያንገራግር አይተውህም? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ምግብስ ይበላልሃል? እኔም ባለቤቴም ልጃችንም ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። ብርዱ ቢገባም ቤታችን ሞቃት ነው፣ ሥራዬም ሰላም ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን።

እህቴ፣ አንቺስ እንዴት ነሽልኝ? ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ይህን ደብዳቤ የምታነቢለት አንቺ ስለሆንሽ ካሁኑ አደራ ልበልሽ። አንዲት መስመር እንዳታስቀሪ። ፊቱ ሲለዋወጥ አይተሽ «ይህችስ ትቅር» ብለሽ እንዳታልፊ። «በቃ እጠፊው» ቢልሽም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ ቀጥይ።

አባዬ፣ ለምን አትደውይም ነበር እንዳትለኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ደውዬ፣ አራቱንም ጊዜ የዓይንህን ነገር ገና ሳነሳ «መስመሩ ተበላሽቷል፣ አይሰማም» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘግተሃል። የእህቴ ሳቅ ከኋላህ ጥርት ብሎ እየተሰማኝ መስመሩ ተበላሸ! ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ደግሞ ደብዳቤ እንደምትወድ አውቃለሁ፤ ድሮ ለጎረቤት የመጣውን ሁሉ ካላነበብኩ ትል አልነበር?

ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሐኪሙ «የዓይን ሞራ ነው፣ ቀላል ሥራ ነው» ብሎ ቀን ቆርጦልህ ነበር። በቀጠሮው ቀን ግን ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ «ቤት የረሳሁት ነገር አለ» ብለህ ተመለስክ። እህቴ ምን ረሳህ ብትልህ «ኮፍያዬን» አልካት አሉ፣ ኮፍያው አናትህ ላይ ተቀምጦ! ከዚያ ወዲህ የሳሎኑን አምፖል ሦስት ጊዜ አስቀይረሃታል። «የዘንድሮ አምፖል ስሙ ብቻ ነው፣ አምፖልስ ድሮ ቀረ» ትላለህ አሉ። ወይ ጉድ! አርባ ዓመት ሙሉ የመኪና መብራት ስትሠራ የኖርክ ሰው፣ ጥፋቱ የአምፖሉ አለመሆኑ ጠፍቶህ ነው? እኔ አላምንም።

ለጊዜው ግን ልጨቀጭቅህ አይደለም። የሥራ ወሬ ላወራህ ነው፤ የሥራ ወሬ ደግሞ እምቢ ብለህ አታውቅም።

እንደምታውቀው የምሠራው ትልቅ የኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። የሣር ማጨጃዎቹን፣ የውሃ ፓምፖቹንና ትንሿን ትራክተር የምጠግነው እኔ ነኝ። ትራክተር ስልህ ያ ማሳ የሚያርሰው ግዙፍ ነገር እንዳይመስልህ። ቁመቷ ደረቴ ላይ አይደርስም። ከሆዷ ሥር የሣር ማጨጃ ቢላ አላት፣ ከኋላዋ ቅጠልና አፈር የሚጫንባት ጋሪ ትጎትታለች። የወንበሯ ቆዳ ተቀዳዶ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ዕድሜዋም ከእኔ ብዙ አያንስም። እንዲህ ሆና ግን እንደሷ የሚሠራ በግቢው የለም፣ ከሹፌሯ በቀር።

ሹፌሯ ሸምገል ያሉ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። የሚሮጥ ሰው ባዩ ቁጥር «ቀስ!» ስለሚሉ ሁላችንም ጋሽ ቀስታ ነው የምንላቸው። ትራክተሯን ለሌላ ሰው አያስነኩም፤ ምሳ ሲሄዱ እንኳ ቁልፏን ኪሳቸው ከተው ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትወጣው፣ ተማሪዎቹ ሳይመጡ ደግሞ ከየመንገዱ የረገፈው ቅጠል መነሳት አለበት። ስለዚህ ጋሽ ቀስታ ሥራ የሚጀምሩት ጎህ ሳይቀድ ነው። የትራክተሯ መብራት ግን ለራሱም አይበራ። በዚያ ላይ ስትንቀጠቀጥ የአምፖሉ ክር ይበጠስና በየሳምንቱ አምፖል መቀየር ነው።

ባለፈው ወር ጋሽ ቀስታ አንድ ሙሉ የውሃ ቱቦ በማጨጃው ከትፈው ጨረሱት። በሳምንቱ ደግሞ የጽጌረዳው መደብ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ወጡ። የግቢው ኃላፊ ጠሩኝና «ወይ መብራቷን አሻሽይ፣ ወይ እሳቸው የንጋቱን ሥራ ይተዉ» አሉኝ። የንጋቱን ሥራ ተዉ ማለት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። ጋራዥህን የዘጋህ ዕለት ምሳህን ሳትነካው ነበር የተነሳኸው። እኔም አፌን ሞልቼ «አሻሽለዋለሁ» አልኩ።

ኃላፊው ኤልኢዲ አምፖል እንድገዛ ፈቀዱልኝ። ይኼ ዘመን ያመጣው፣ ክር የሌለው አምፖል ነው፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ በልቶ ብዙ ያበራል፣ ቢያንገጫግጩትም ግድ የለውም። ሁለት ገዛሁና በደስታ መጣሁ። አሮጌዎቹን አወጣሁ፣ አዲሶቹን ሰካሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ጭጭ! ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ተከተልኩት፣ ደህና ነው። ባትሪውን ለካሁ፣ አሥራ ሁለት ቮልት ከነትርፉ አለ። አሮጌውን አምፖል መልሼ ስሰካው ደግሞ ይበራል። «እንግዲያው የተቃጠለ ነው የሸጠልኝ» አልኩና፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቱታዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ሱቁ ገሰገስኩ። ጋሽ ቀስታ ከኋላዬ «ቀስ!» ሲሉ ይሰማኛል፤ ማን ሰምቷቸው።

ባለሱቁ ሰላም ሊለኝ አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት። ሰው እንዴት እንዲህ ያታልላል፣ ሁለት አምፖል ሸጦ ሁለቱም እንዴት ሞተው ይገኛሉ፣ ብዬ የማልለው አልነበረም። ሰውየው ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ጠበቀኝ። ከዚያ አምፖሉን ተቀብሎኝ ጠረጴዛው ላይ ካለው ባትሪ ጋር አገናኘው። አልበራም። «አየህ!» አልኩት። እሱ አገላብጦ አገናኘው፤ ቦግ! ዓይኔን አጥበረበረው።

ኩም አልኩልህ አባዬ። ለካ ኤልኢዲ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ቦታ ቦታቸውን ካልያዙ አይበራም። አንተ ደግሞ ወንበር ላይ አቁመህ አምፖል ማሰር ካስተማርከኝ ቀን ጀምሮ «አምፖል ቀኝና ግራ አያውቅም፣ እንዳሻሽ ስኪው» እያልክ ነው ያሳደግከኝ። ባለሱቁ «ሥራውን ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ «አባቴ» አልኩት። «ምን ያሳፍራል? እኔንም አባቴ ነው ያስተማረኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት አምፖሎች ተቃጥለዋል ብዬ ጥያቸዋለሁ» አለኝ። ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ይህን የምነግርህ ልወቅስህ አይደለም። የነገርከኝ ለድሮው አምፖል ልክ ነበር፣ በእጅህ ሙያም እስከ ዛሬ እንጀራ እየበላሁበት ነው። ብቻ አንተ ያላየኸው ነገር መጥቷል፤ ለማለት የፈለግኩት ይህንኑ ነው።

ተመልሼ አገላብጬ ሰካኋቸው፣ ሁለቱም በሩ። እሰይ ብዬ እጄን ታጥቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ስገባ ግን ጋሽ ቀስታ ፊታቸውን አጥቁረው ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ድካምሽን አላጣጥልም፤ ግን የድሮው ይሻል ነበር» አሉኝ። ገና ስላልነጋ ወጥቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። አምፖሉ ሲያበራ ይታያል፣ መንገዱ ግን አይታይም። ከፊቱ ጢስ የቆመ ይመስል ብርሃኑ እዚያው መስታወቱ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው አምፖል ልግዛ ብዬ ልነሳ ነበር። እግረ መንገዴን ውስጡን ልይ ብዬ የግራውን መብራት የፊት መስታወት ፈትቼ አወጣሁት። አባዬ! ብርሃኑ ሜዳውን አቋርጦ ማዶ ያለውን የመጋዘን ግድግዳ እንደ ፓውዛ መታው። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ሲነጋ መስታወቱን ደጅ ይዤው ወጣሁና አገላብጬ አየሁት። መስታወት እንለዋለን እንጂ ፕላስቲክ ነው። የስንት ዓመት ፀሐይ አደፍርሶት ቢጫ ሆኗል፣ ላዩም ደመና ለብሷል። በየሳምንቱ በጨርቅ የምወለውለው እኮ እኔው ነኝ! አቧራው ሲለቅ ጠራ እላለሁ። በአንድ ቀን ስላልደፈረሰ ማናችንም ልብ አላልነውም፤ ዝም ብለን አምፖሉን ስንረግም ኖርን።

«በብርጭቆ ወረቀት ልፈትገው ነው» ስላቸው ጋሽ ቀስታ ከእጄ መንጭቀው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «እንዳትነኪው! ይህ ዕቃ ዛሬ አይገኝም፣ ቢሰበር ምትክ የለውም። ትንሽም ቢሆን ያሳየኛል፤ ያለችኝን ጭላንጭል አላስነካም» አሉ። ክው አልኩ። እህቴ በስልክ ከነገረችኝ ከአንተ ቃል አንዲት ፊደል አልቀነሱም፣ አልጨመሩም።

ልጫናቸው አልፈለግኩም። የሚፈራን ሰው ቢጎትቱት ይብስ ይጨብጣል። «እሺ ጋሼ፣ የግራውን ብቻ ስጡኝ፣ የቀኙን በእጄም አልነካው። ከተበላሸ በቀኙ ይነዳሉ» አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። በኋላ ሰጡኝ፤ አሰጣጣቸው ግን ሕፃን ልጅ ለሐኪም የሚያስረክቡ ነበር የሚመስለው።

ውሃ እየነከርኩ በሻካራው ጀመርኩ፣ ቀጥዬ በለስላሳው፣ ከዚያም ከሱ በሚለሰልሰው። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ እንደ ወተት ነጣ። ጋሽ ቀስታ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው «በቃ አለቀላት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጄ ግን አላቆመም። ሁለት ሰዓት ያህል ከፈተግኩ በኋላ ማጥሪያ ቅባቱን በጨርቅ አድርጌ ሳሸው እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል አለ። አመሻሽ ላይ ገጥሜው ሁለቱንም መብራቶች አበራን። ጋሽ ቀስታ ከፊቷ ቆመው አንዴ የግራው መብራት ያረፈበትን፣ አንዴ የቀኙን አዩ። አሁንም ደግመው አዩ። እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱና ካቻቪቴ አውጥተው የቀኙን መስታወት በራሳቸው እጅ ይፈቱት ጀመር።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ሁለቱንም መብራቶች አብርተው ግቢውን ሲዞሩ ዋሉ። «ጋሼ፣ ቀን እኮ ነው» ሲሏቸው «ዝም በሉ፣ ትታይ!» ይላሉ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናቸው፣ ቱቦም አልከተፉ፣ ድንጋይም አልወጡ። የንጋቱን ሥራ ተዉ የሚላቸውም የለም።

አሁን ወዴት እያመራሁ እንደሆነ ገብቶሃል፤ አንተን ማን ይሸውድሃል! ይሄኔ እህቴን «እጠፊው» እያልካት ይሆናል። እህቴ፣ ቀጥይ።

የምርመራ ወረቀትህን እህቴ ፎቶ አንስታ ልካልኝ ለአንዲት የዓይን ሐኪም አሳይቻታለሁ። ሙሉውን አንብባ ስታበቃ «የአባትሽ ዓይን ከውስጥ ጤነኛ ነው፤ የደፈረሰው ፊት ያለው ሌንስ ነው» አለችኝ። በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉህም፣ አይዞህ። ዓይንህን ያደነዝዙና የደፈረሰውን አውጥተው ጥርት ያለ ይተኩልሃል፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም አለች። እህቴ ሳሎኑ ውስጥ ፀሐይ ብታመጣልህ ይህ ካልተነሳ ዋጋ የለውም።

ጓደኛህ ጎማ ሠሪው ከታከሙ በኋላ ዓይናቸው ጠፋ ብለህ እንደምትሰጋ አውቃለሁ። እህቴ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጠይቃቸዋለች። የሳቸው የዓይን ሞራ አልነበረም፣ ሌላ ከውስጥ የነርቭ ሕመም ነበር፤ ሐኪም ዘንድ የሄዱትም ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። «እኔን አይቶ ከሆነ የሚቀረው ንገሪው፤ እኔን የጎዳኝ ሐኪሙ አይደለም፣ እንደሱ ስፈራ መቆየቴ ነው» ብለው መልእክት ልከውልሃል። እህቴ እስካሁን ያልነገረችህ ኩርፊያህን ፈርታ ነው። እኔ ግን ሩቅ ነኝ፣ ብታኮርፈኝም አላይህም።

አባዬ፣ እኔም እፈራለሁ። የአንተ ዓይን የትራክተር መስታወት አይደለም፣ ይህን አላጣሁትም። ግን ባለፈው የልጄን ፎቶ ልኬልህ ገልብጠህ ይዘኸው «ቁርጥ እኔን!» አልክ አሉ። እህቴ ስትነግረኝ በስልኩ አብሬያት ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋው ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከተወለደች ሰባት ዓመቷ ነው፣ አንድ ቀን በዓይንህ አላየሃትም። በመጪው ዓመት ዕረፍቴ ይዣት እመጣለሁ፤ ባለቤቴም ተስማምቷል፣ ፈቃዴንም ጠይቄያለሁ። ያኔ ድምጿን ሰምተህ፣ ራሷን ዳብሰህ ብቻ እንድትሸኛት አልፈልግም። እንድታያት ነው የምፈልገው። ልመናዬ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም።

አንዱን ዓይን ብቻ አሠራ። ግራው ይሁን ቀኙ አንተ ከሐኪሙ ጋር ምረጥ። ሁለተኛውን አንተ ራስህ «ይህችንስ መቼ ነው?» እስክትል ማንም አይነካብህም። እህቴ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ ቀጠሮ ይዛልሃለች፤ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ እሷ ጽፋ ይዛዋለች። እጅህን ይዛ የምትገባውም የምትወጣውም እሷ ናት። ኮፍያህን ግን ከዋዜማው ጀምረህ አናትህ ላይ መኖሩን አረጋግጥ።

ሰላምታዬን ለሁሉም አድርስልኝ። ለአክስቴ በተለይ፤ ጉልበቷ ከተሻላት ትጻፍልኝ፣ ካልተሻላትም ትቆጣኝ፣ ቁጣዋ ናፍቆኛል። ለእህቴ ባል፣ ያቺ አሮጌ መኪናው አሁንም በግፊት ከሆነ የምትነሳው ባትሪውን ሳይሆን የባትሪውን ገመድ ይይ በልልኝ። ለመንትዮቹ ልጆቻቸው፣ የላኩላቸውን ጫማ እንዳይቀያየሩ፤ እግራቸው አንድ አይደለም። ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ለጎማ ሠሪው ጓደኛህም እጅ ነስቻለሁ፤ ስለ መልእክታቸው እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። አንቺ ደግሞ እህቴ፣ የሁላችንን ሸክም ብቻሽን ተሸክመሽ አንድ ቀን ሳታማርሪ የኖርሽ፣ ውለታሽን በምን እመልሰዋለሁ? ዕድሜ ይስጥሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፖስታው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈና ዙሪያውን በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ከልጄ ነው። ዘንድሮ መጻፍ ተምራለች፣ ለአንተ ደብዳቤ ልጽፍ ብላ ሁለት ምሽት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ነበር። ምን እንዳለችህ እኔም አላውቅም። አባቷ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ደግፎ ሊያነበው ሲሞክር ይዛው ጉድ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ነው ሙጫውን የደረበችው፤ ጀርባው ላይም «ለአያቴ ብቻ። ሌላ ሰው እንዳያነብ» ብላ ጻፈችበት። እህቴ፣ አንቺም እንዳትከፍቺው፣ ቃል ገብቼላታለሁ። ፖስታውን ስዘጋ አጠገቤ ቆማ «እማዬ፣ ራሱ ያነበዋል አይደል?» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ ራሱ ያነበዋል» አልኳት። አባዬ፣ እኔ ልጄን ዋሽቻት አላውቅም።

የምትወድህ ልጅህ

ከጥገና ክፍሉ፣ በምሳ ሰዓት
ኅዳር ፲፮ ቀን